እትዬ ሴይስ

ለእንግሊዝኛ አስተማሪነት ኢንተርቪው በተጠራሁበት ቀን ጠዋት ልጄ ሲሪያሏን እየበላች ነበር። ያኔ ሦስተኛ ክፍል ናት። ኮሎምበስ ተወልዳ ኮሎምበስ ያደገች፣ አማርኛ የምትሰማ ግን የማትመልስ ልጅ ናት።

«ጸልዪልኝ፤ እንግሊዝኛ ላስተምር ልቀጠር ነው» አልኳት።

ማንኪያዋን ሳህኑ ውስጥ ተወችው። «ቱ ሁ?»

«ቱ ሁም ነው የሚባለው» ብዬ አረምኳት።

«ማም፣ ኖባዲ ሴይስ ሁም» አለችና ወደ ሲሪያሏ ተመለሰች። ይህን ምርቃት ተቀብዬ ወጣሁ።

እርግጥ ማስተማር ለእኔ አዲስ ነገር አልነበረም። ደብረ ብርሃን ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። ክፍሉ በተማሪ ጢም ብሎ፣ ሦስት ሦስት ሆነው አንድ ዴስክ ላይ ተጨናንቀው፣ እኔ ጠመኔ ይዤ ፓሲቭ ቮይስ ሳስረዳ ዝንብ ስትበር ይሰማ ነበር። «ፓሲቭ ቮይስን እንደ እሷ የሚያብራራ የለም» ይሉኝ ነበር፤ እኔም አምኜ ተቀብያለሁ። አሜሪካ ስመጣ ግን ስለ ፓሲቭ ቮይስ የጠየቀኝ ሰው አልገጠመኝም። መጀመሪያ ሆም ኬር ገብቼ አረጋውያንን በየቤታቸው ተንከባከብኩ። ቀጥሎ ፎረስት ፓርክ ባለችው ቤታችን ምድር ቤት ተቀምጬ፣ ሄድሴት ጆሮዬ ላይ ደፍቼ፣ ለሆስፒታሎችና ለትምህርት ቤቶች በስልክ ማስተርጎም ጀመርኩ። የአስተርጓሚ ሕግ አጭር ነው፤ የሰማኸውን ሁሉ ሳትጨምር ሳትቀንስ ትናገራለህ፣ የራስህን ሐሳብ ለራስህ ትይዛለህ። ለአስተማሪ ከዚህ የከፋ ቅጣት ያለ አይመስለኝም።

አዲሱን ሥራ የጠቆመችኝ ከቤተ ክርስቲያናችን አንዲት እህት ናት። ከኮሎምበስ ወጣ ብለው ባሉት የመኪና ፋብሪካዎች የሚሠሩ ብዙ ጃፓኖች አሉ። ኩባንያዎቻቸው መሐንዲሶቹን ከነሚስታቸው ከነልጆቻቸው ለጥቂት ዓመታት ይልኳቸውና መልሰው ይወስዷቸዋል። ልጆቹ ከ«ሄሎ» የዘለለ ነገር ሳያውቁ አሜሪካን ክፍል ውስጥ ይቀመጣሉ። እነዚህን ልጆች ከትምህርት በኋላ እንግሊዝኛ የሚያስተምር አነስተኛ ማዕከል ፖላሪስ አካባቢ አለ። እህታችን አጠገቡ ካለ ሱቅ ትሠራለች፤ አስተማሪ እንደሚፈልጉ ስትሰማ ኮል አደረገችኝ።

«አንቺኮ ቲቸር ነበርሽ» አለችኝ።

ያስነሳኝ «ነበርሽ» የሚለው ቃል ነው።

የማዕከሉ ዳይሬክተር ጃፓን አገር ኖራ የተመለሰች፣ ቁመቷ ረጅም፣ ሳቂታ አሜሪካዊት ናት። ስለ ኮንዲሽናል ሴንተንስ ትጠይቀኛለች ብዬ ሌሊቱን ሳጠና አድሬ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ።

«ምን ምን ጌም ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

አሰብኩ፣ አሰብኩና «ቮሊቦል» አልኳት።

የቀለድኩ መስሏት ከት ብላ ሳቀች፤ እዚያው ሃየር አደረገችኝ።

«እኛ ጋ ግራመር የለም» አለች ክፍሉን እያሳየችኝ። «ሁሉም ነገር በጌም ነው። ልጆቹ እየተማሩ መሆናቸውን ማወቅ የለባቸውም።»

እኔ ያደግኩት ተማሪ እየተማረ መሆኑን ለአፍታም እንዳይረሳ በሚደረግበት አገር ነው፤ አለንጋው ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ለዚያ ነበር። ቢሆንም «ገባኝ» አልኳት።

ልጆቹ ጥቂት ናቸው፤ ትልቋ አንደኛ ክፍል ናት፣ ሌሎቹ ኪንደርጋርተን። ክፍሉ ውስጥ ዴስክ የለም፤ ምንጣፍ ብቻ። ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው፣ አፍንጫውን ወደ ውጭ አዙረው በሰልፍ ደርድረው ይገባሉ። በመጀመሪያው ቀን እኔም እንደነሱ አውልቄ ስገባ ለካ ካልሲዬ ተቀዶ አውራ ጣቴ ብቅ ብሏል። ከመካከላቸው ጥያቄ የማያልቅበት አንድ ልጅ ነበር፤ ጣቴን እያሳየ በጃፓንኛ አንድ ነገር ተናገረና ሁሉም በሳቅ ተንከባለሉ። ዳይሬክተሯ በሩ ላይ ቆማ «አየሽ፣ ወደዱሽ!» አለችኝ።

ጌሞቹን አንድ በአንድ ያስተማረችኝ እሷ ናት። የሁሉም በኩር «ሳይመን ሴይስ» የሚባለው ነው። አስተማሪዋ «ሳይመን አፍንጫችሁን ንኩ ይላል» ካለች ልጆቹ አፍንጫቸውን ይነካሉ። ሳይመንን ሳትጠራ እንዲያው «አፍንጫችሁን ንኩ» ካለች ግን ቀጥ ብለው መቆም አለባቸው፤ ተታሎ የነካ ከጨዋታው ይወጣል። ይህማ ምን አላት ብዬ ጀመርኩ።

«ሳይመን ማነው?» አለ ባለ ጥያቄው፤ እንግሊዝኛው ከሁሉም የቀደመ እሱ ነው።

«ማንም አይደለም።»

«ባልሽ ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ለምን ራሱ መጥቶ አይናገርም?»

ያላዩትን ሰው ትእዛዝ መፈጸም በእነሱም አገር በእኛም አገር ያለ ነገር ነው፤ ልጁ ግን ገና አልለመደውም። ሳይመንን አባርሬ በቦታው ራሴን ልተካ አሰብኩ። እዚህ ላይ ሌላ ችግር መጣ። ዳይሬክተሯ ልጆቹ በስሜ ብቻ እንዲጠሩኝ ትፈልጋለች፤ አሜሪካ ነዋ። ለጃፓን ልጅ ደግሞ አስተማሪን በባዶ ስሟ መጥራት ነውር ነው፤ አፋቸው አልታዘዝ አላቸው። እውነቱን ለመናገር እኔንም፣ የወተት ጥርሱን ያልጨረሰ ልጅ ስሜን እንደ እኩያው ሲጠራው ጆሮዬን ይቆረቁረኝ ነበር።

«እትዬ በሉኝ» አልኳቸው።

ዳይሬክተሯ የቤት ስሜ መስሏት «ሶ ክዩት!» አለች። ጌሙ «እትዬ ሴይስ» ሆኖ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ሥራው ቀለለኝ። በቋንቋም ቢሆን ከተፈራው በላይ ተግባባን። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች እንግሊዝኛው ሲጠጥርብን «እ» ጣል እናደርግበታለን፤ እነሱ ደግሞ «ኡ» ይጨምሩበታል። እኔ «እስፑን» ስል እነሱ «ሱፑን» ሲሉ አንዲት ማንኪያ በመካከላችን አልጠፋችም። ችግሩ ማንኪያን አሜሪካኖቹ ብቻ በሌላ መንገድ መጥራታቸው ነው።

ትልቋ፣ የአንደኛ ክፍሏ ልጅ ግን እስፑንም ሱፑንም አላለችም። ጸጉሯ ግንባሯ ላይ ቀጥ ተደርጎ የተቆረጠ፣ ዓይኗ ነገር የማያመልጠው ልጅ ናት። «እትዬ ሴይስ» ስንጫወት እሷን አሳስቶ ማስወጣት አይቻልም፤ ሁሉን ትሰማለች፣ ሁሉን ታደርጋለች። ስዕል ያለባቸውን ካርዶች ምንጣፉ ላይ ዘርግቼ «ዶግ!» ስል ሌሎቹ ሳይነቃነቁ የእሷ እጅ ውሻው ላይ አርፏል። ድምፅ ግን የለም። እናቷ እንደነገረችኝ ትምህርት ቤትም እንደዚያው ነው፤ መስከረም ገብታ የበረዶው ክረምት እስኪመጣ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

ዳይሬክተሯ «ኖርማል ነው፤ እየሰማች ነው» ትላለች። እኔ በበኩሌ ችግሩ አልታየኝም። ደብረ ብርሃን ቢሆን ኖሮ የክፍሉ ምስጉን ተማሪ ተብላ ትሸለም ነበር።

እናቷ ቀጭን፣ ጎንበስ ብላ ሰላምታ መስጠት የማይሰለቻት ሴት ናት። እንግሊዝኛዋ ጥቂት ስለሆነ ስልኳ እንዲተረጉምላት አፏ አጠገብ ይዛ ታወራለች። አንድ ቀን ልጇን ልትወስድ መጥታ እጇን እያፍተለተለች ቀረበችኝ።

«ልጄ ቤት ስትመጣ በምልክት ታዝዘናለች። እዚሁ ክፍል ያለው ታናሽ ወንድሟ ደግሞ 'እትዬ ሴይስ፣ ሲት ዳውን' ይለኛል። እትዬ የሚለውን ቃል መዝገበ ቃላት ላይ ፈለግኩት። አጣሁት። እንግሊዝኛ ነው?»

«የአክብሮት ቃል ነው፤ በእኛ አገር ለትልቅ ሴት ይባላል» አልኳት።

ፊቷ በራ። «እንደ 'ሳን'!» አለች። ጃፓኖች ለአክብሮት ከስም ኋላ የሚቀጥሉት ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ የልጆቹ እናቶች ሁሉ «እትዬ-ሳን» ይሉኝ ጀመር። ባለ ሁለት ፎቅ አክብሮት። አገሬ ላይ እንኳ አግኝቼው አላውቅም።

ክረምቱ ሲከብድ ጌም አለቀብኝ። በካርዱ ጨዋታ እጅ ለእጅ እየተማቱ መላቀስ ጀመሩ፣ «እትዬ ሴይስ»ን ደግሞ ከእኔ በላይ ቻሉት። አንድ ቀን ውጭ በረዶው እየወረደ፣ ዳይሬክተሯም በሌለችበት፣ ምን ላድርግ ብዬ ቦርሳዬን ስበረብር መሃረቤን አወጣሁ። ትንሽ ሳለን የምንጫወተው ትዝ አለኝ። ልጆች ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፤ አንዱ መሃረብ ይዞ ከኋላቸው ይዞርና ሳያዩት አንዱ ጀርባ ጣል ያደርገዋል። የተጣለበት ልጅ ሲነቃ ተነስቶ ያባርረዋል።

እንዴት አድርጌ እንደማስረዳቸው ሳስብ፣ መሃረቡን እጄ ላይ ያዩት ልጆች ምንም ሳልናገር ክብ ሠርተው ቁጭ አሉ።

«ሃንካቺ ኦቶሺ!» አለ ባለ ጥያቄው። «የጃፓን ጨዋታ ነው።»

«የኢትዮጵያ ነው» አልኩ።

«የጃፓን ነው!»

ክርክሩን ለሌላ ቀን አሳደርነው። ልዩነቱ እነሱ ዝም ብለው መጫወታቸው፣ እኛ ደግሞ እየጮኽን መጫወታችን ነው። ዜማውን ለማሳየት ያህል አንድ ጊዜ ብቻ በአማርኛ ልበለውና ወዲያው ወደ እንግሊዝኛ እመልሰዋለሁ ብዬ ጀመርኩ።

«እኔ 'መሃረቤን ያያችሁ?' ስል እናንተ 'አላየንም!' ትላላችሁ።»

እየዞርኩ «መሃረቤን ያያችሁ?» አልኩ።

«አላየንም!»

ከሁሉም በላይ የጮኸው ድምፅ አዲስ ነበር። ዞር ስል ዝምተኛዋ ናት፤ አፏን ከፍታ፣ አንገቷ ላይ ያለው ሥር ተገትሮ። ሌሎቹ ልጆች እንኳ ደንግጠው አዩዋት። እሷ ግን እኔን እያየች ቀጣዩን ትጠብቃለች። እንባዬ መጣ፤ መሃረቡ ግን ሥራ ላይ ነበር።

ደስታዬ ጋብ ሲልልኝ ነገሩን አሰብኩት። ይህች ልጅ አሜሪካ ከመጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች። የተናገረችው አማርኛ ነው። እኔ የተቀጠርኩት ደግሞ ለእንግሊዝኛ ነው።

በሚቀጥሉት ቀናት ለማስተካከል ሞከርኩ። ጥያቄውን ወደ እንግሊዝኛ መለስኩት፤ «ሃቭ ዩ ሲን ማይ ሃንከርቺፍ?» እላለሁ። ግራመር በተከለከለበት ክፍል ፕሬዘንት ፐርፌክትን በጓሮ በር ማስገባቴ በልቤ ደስ ብሎኛል። መልሱ ግን አልለወጥ አለኝ። «ኖ፣ ዊ ሃቭንት» ስላቸው አንድ ጊዜ ይሉታል፤ ጨዋታው ሲሞቅ ግን «አላየንም!» ነው። ለጩኸት ይመቻላ። በዚያ ላይ ዝምተኛዋ የምትናገረው ያቺን አንዲት ቃል ብቻ ስለሆነ ልነጥቃት አልቻልኩም።

ለእናቷ ግን በዚያው በመጀመሪያው ቀን ነግሬያታለሁ።

«ዛሬ ልጅሽ ተናገረች!» አልኳት።

ስልኩን ረስታ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ምን አለች?»

«'አላየነውም' አለች።»

«በእንግሊዝኛ?»

«በእንግሊዝኛ ትርጉሙ እንደሱ ነው» አልኳት። ውሸት አልነበረም። ጎንበስ ብላ፣ ደግማም ጎንበስ ብላ አመሰገነችኝ፤ እኔም ከእሷ ዝቅ ብዬ ፊቴን ደበቅኩ።

ቤት ገብቼ ለልጄ ነገርኳት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በአማርኛ ለምኛት አንድ ዐረፍተ ነገር ያልመለሰችልኝ ልጅ፣ የጃፓን ልጆች በአማርኛ እየጮኹ መሆኑን ስትሰማ ከአይፓዷ ቀና አለች።

«ዋት ኢዝ ዘ ጌም?»

ነገርኳት።

«ዋይ ዲድ ዩ ቲች ዜም ኤንድ ኖት ሚ?»

ሶፋው ዙሪያ ለሁለት ተጫወትነው። ሁለት ሰው ክብ አይሆንም፤ አንዷ ስትቀመጥ አንዷ ስትዞር መሃረቡ ማን ጀርባ እንደወደቀ ምስጢር የለውም። እሷ ግን ሶፋው ላይ ዓይኗን ጨፍና፣ «ያያችሁ?» ባልኩ ቁጥር «አላየንም» ትላለች፤ በአሜሪካን ቅላፄ፣ ትንሽ እያፈረች። ከጃፓኖቹ ጋር ሳወዳድረው አነጋገሯ የእነሱን ያህል ጥርት አይልም ነበር። ይህንን ለራሴ ያዝኩት።

ከዚያ ደግሞ ስልኩ መጣ። አንድ ጠዋት እንደልማዴ ምድር ቤት ሄድሴቴን ደፍቼ ስሠራ ከአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጋር አገናኙኝ። የሰማሁትን ሁሉ እንደማስተረጉም የሚለውን መግቢያ አነበብኩ። በወዲያኛው ጫፍ ያለችው የክፍሉ መምህርት ስለታመመች ለሳምንቱ የመጣች ተተኪ ናት።

«አማርኛ የምትናገር ተማሪ አለችኝ» አለች። «ፋይሏ ላይ ጃፓንኛ ነው የሚለው፤ ተሳስተው መሆን አለበት። የካፍቴሪያ ሠራተኛችን ሰምታት አማርኛ ነው ብላኛለች። የክፍላችን ሃምስተር ከቤቱ አምልጦ ጠፍቷል፤ አይታው እንደሆነ ጠይቂልኝ።»

ሃምስተር ልጆች ክፍል ውስጥ የሚያሳድጓት አይጥ መሳይ ነገር ናት። እኛ ብትጠፋ እልል የምንልባት።

«ሃምስተሩን አይተሽዋል ወይ?» አልኩ በአማርኛ፣ ቀስ አድርጌ።

ደግሜ ጠየቅኩ።

ከመምህርቷ ኋላ የሌላ ሴት ድምፅ በአማርኛ ሲያጉረመርም ተሰማኝ። «እህቴ፣ እኔ በጆሮዬ ሰምቻታለሁ! ጥርት ያለ አማርኛ ነው የተናገረችው። መልኳን ሳየው ግን ግራ ገባኝ። የማን ልጅ ትሆን?»

ሕግ ሕግ ነው። «ሴትየዋ ጥርት ያለ አማርኛ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ መልኳን ሳይ ግን ግራ ገባኝ፣ የማን ልጅ ትሆን ትላለች» ብዬ ሳልጨምር ሳልቀንስ አስተላለፍኩ።

መምህርቷ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። ራሷ ወደ ልጅቷ ዞራ፣ ለደንቆሮ እንደሚነገር አድርጋ፣ «ሃቭ ዩ ሲን አወር ሃምስተር?» አለቻት።

«አላየንም!»

ከነዜማው ነው። ወንበሬ ላይ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። በዓለም ላይ ያቺን ቃል እንደዚያ አድርጎ የሚላት አንድ ሰው ብቻ ነው።

«አላየንም ትላለች» አልኩ በእንግሊዝኛ።

«አላየንም? እነማን ናቸው ያላዩት? ከማን ጋር ነበረች?»

«አስተርጓሚዋ ራሷ መናገር ትፈልጋለች» አልኩ። እስከዚህ ድረስ ሕጉ ይፈቅዳል። ቀጥሎ ያደረግኩትን አይፈቅድም። «እትዬ ሴይስ፣» አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ዌር ኢዝ ዘ ሃምስተር?»

«እትዬ?» አለች ልጅቷ። ከዚያ አንዴ ከጀመረች አይቀር ብላ ነው መሰለኝ፣ በእንግሊዝኛ፣ ጥርት አድርጋ ተናገረች። «ኢን ዘ ቡት። ሬድ ቡት። ሂ ኢዝ ስሊፒንግ።»

«ዘ» የሚለው ከእኔ የተወረሰ ነበር።

ወንበር ሲንቋቋ፣ ልጆች ሲሯሯጡ፣ ከዚያ ክፍሉ በጩኸት ሲናጋ ሰማሁ። ሃምስተሩ በር ላይ ከተደረደሩት የበረዶ ቦት ጫማዎች በቀዩ ውስጥ፣ እስከ ጫፉ ድረስ ገብቶ ተኝቷል። መምህርቷ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ወደ ስልኩ ተመለሰች።

«የት እንዳለ ካወቀች ለምን አላየንም አለች?»

ማስረዳት ነበረብኝ። በጨዋታው ሕግ መሃረቡ ጓደኛህ ጀርባ ወድቆ ብታየውም የምትለው «አላየንም» ነው፤ አየሁ ያለ ጨዋታውን ያበላሻል። «ሃቭ ዩ ሲን» ሲባል ትክክለኛው መልስ ይህ ነው ብዬ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ልጅቷ አልዋሸችም፤ የተማረችውን ነው የመለሰችው። በአጭሩ አንዲትን የስድስት ዓመት ልጅ በዓይኗ ያየችውን ነገር በኅብረት እንድትክድ አሠልጥኛለሁ።

መምህርቷ «ይህ የየትኛው ካሪኩለም ነው?» አለች።

«የደብረ ብርሃን» አልኳት።

በዚያው ሳምንት ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። የካፍቴሪያዋ ሴት ለአንዷ ነግራ፣ አንዷ ኖርዝላንድ ያለው የአበሻ ሱቅ ውስጥ ለሌላዋ ነግራ፣ እሁድ እኔ ጋ ሲመለስ ልጅቷ አዲስ አበባ ያደገች የአምባሳደር ልጅ ሆናለች። አንድ የተከበሩ ጋሼ ደግሞ ሳይማሩ መናገርማ የልሳን ስጦታ ነው ብለው አጥብቀው ተከራከሩ። መሃረብ ነው ብል ማን ይሰማኛል?

ሰኞ ዳይሬክተሯ ቢሮዋ ጠራችኝ። ትምህርት ቤቱ ደውሎላታል። ፈገግታዋ ከፊቷ ወርዶ ሳይ ሆም ኬር ወደ ሠራሁበት ኤጀንሲ ተመልሼ ስደውል ታየኝ።

«ወላጆች ልጆቻቸውን እዚህ የሚያመጡት ለእንግሊዝኛ ነው» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ስንት የአማርኛ ቃል ያውቃሉ?»

«እትዬን ጨምሮ?»

ሳቋን ልትይዘው ስትታገል በሩ ተንኳኳ። የልጅቷ እናት ናት፤ እሷም ተጠርታ ኖሯል። ጎንበስ አለችና ስልኳን አፏ ድረስ አንስታ ብዙ ተናገረች። ስልኩ ትንሽ አሰበና በዚያ እንጨት በሆነ ድምፁ በእንግሊዝኛ አሰማን። «ልጄ አሁን በትምህርት ቤት ትናገራለች። ዓርብ ዕለት ሾርባ አልፈልግም አለች። በጣም ደስ ብሎናል። ቋንቋው አያሳስበንም።» እናትየው ራሷን ነቀነቀች። ጨምራ ተናገረች፤ ስልኩም ጨመረ። «ሌላ ጥያቄ አለ። ባለቤቴም ዝምተኛ ነው።»

ዳይሬክተሯና እኔ ተያየን።

እንደዚህ ሆኖ ነው፣ ፀደይ ሲገባ፣ ቅዳሜ ጠዋት የአባቶች ክፍል የተከፈተው። ዳይሬክተሯ የልጆቹን መልስ ወደ «ኖ፣ ዊ ሃቭንት» እንድመልስ አስጠንቅቃኝ፣ ለአባቶቹ ግን እንደፈለግሽ አለችኝ፤ ትልልቅ ሰዎች ናቸው፣ ራሳቸውን ይጠብቁ። ከፋብሪካው የመጡ መሐንዲሶች፣ ሸሚዛቸው የተተኮሰ፣ ጫማቸውን በር ላይ በሰልፍ ደርድረው ምንጣፉ ላይ ተንበርክከው ጠበቁኝ። «እትዬ ሴይስ»ን እንደ ሥራ ነው የያዙት። አንዱ ተሳስቶ ጆሮውን ሲነካ ቡድኑን በሙሉ ይቅርታ ጠየቀ። ወንበር እየዞሩ የሚሻሙበትን ጨዋታ ስናመጣ ደግሞ ማንም ሌላውን ቀድሞ መቀመጥ አልፈልግም ስላለ፣ ወንበሮቹ ባዷቸውን ቀርተው አምስት ሰው ቆሞ «እርስዎ ይቀመጡ» ሲባባል ሰዓቱ አለቀ። ልክ የእኛ ሰዎች በር ላይ «ይግቡ፣ አይ እርስዎ ይቅደሙ» እንደሚሉት።

የዝምተኛዋ ልጅ አባት ሰውነቱ ደንደን ያለ፣ ዓይኑ የልጁን የመሰለ ሰው ነው። እንግሊዝኛው ሲሰማ ደህና ነው፤ ማንበብ፣ መጻፍ፣ ሁሉን ይችላል።

«ታዲያ ችግርህ ምንድነው?» አልኩት።

አሰበበት። «ሚቲንግ ላይ አሜሪካኖቹ ያወራሉ፣ ያወራሉ። ሲጨርሱ ልናገር ብዬ እጠብቃለሁ።» ትንሽ ቆየና «አይጨርሱም» አለ።

ሌሎቹ ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ስለዚህ አዲስ ጌም ፈጠርኩ። እኔ ሳላቋርጥ አወራለሁ፤ መሀል ገብቶ ያቋረጠኝ ያሸንፋል። ሕጉ ይኸው ነው። ትልቅ ሰው ሲናገር አፏን እንድትዘጋ ተቀጥታ ያደገች ሴት፣ እንደሷው ተቀጥተው ላደጉ ወንዶች፣ ኦሃዮ ውስጥ ነውርን ልታስተምር ነው።

ጀመርኩ። ስለ አየሩ አወራሁ። ስለ አውራ ጎዳና ሰባ አንድ ትራፊክ አወራሁ። ሁሉም እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ዝቅ አድርገው፣ በጥሞና ያዳምጡኛል። ስለ ቤታችን ጣሪያ፣ ስለ ልጄ የፒያኖ ትምህርት አወራሁ። ማንም አልተነፈሰም። ጉሮሮዬ ሲደርቅ፣ የማወራው ሲያልቅብኝ፣ ከባለቤቴ ጋር እንዴት እንደተዋወቅን ጀመርኩ፤ ለዳይሬክተሯ እንኳ ያልነገርኳትን። አንዱ በአዘኔታ ራሱን ነቀነቀልኝ። በመጨረሻ የልጅቷ አባት እጁን እስከ ትከሻው አነሳ።

«ኤክስኪዩዝ ሚ» አለ።

«የስ!» ብዬ ዘለልኩ።

ሁሉም ዞረው አዩት። ፊቱ ቀላ። ተነስቶ ጎንበስ አለና «ፕሊዝ ኮንቲኒዩ» አለኝ።

ያም ሆኖ እሱ አሸነፈ፤ አጨበጨብንለት።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ አንድ ቅዳሜ ቀድሞ መጣ፤ ሌሎቹ ገና ጫማ እያወለቁ ነበር። ሚቲንግ ላይ እንደሞከረው ነገረኝ። አለቃው እያወራ ሳለ «ኤክስኪዩዝ ሚ» ብሎ መሀል ገባ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ሁሉም አዩኝ። ልናገር የፈለግኩት ጠፋኝ።»

«ውይ» አልኩ።

«አይደለም» አለ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሱን አሳይቶ እየሳቀ። «ሁሉም ዝም አሉ። ሁሉም ጠበቁኝ። በጣም ጸጥ ያለ ነበር።» እንደገና ሳቀና ቦታው ሄዶ ተንበረከከ። በሚቀጥለው ሚቲንግ የሚናገረውንም እናዘጋጅ ተባብለን ሥራ ጀመርን።